አጭር እጀታ ያለው መኮትኮቻና የካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞች ትግል

ቺካኖ፣ በአሜሪካ የተወለዱና ያደጉ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ የ1960ዎቹ ወጣቶች፣ ቀድሞ በንቀት ይነገር የነበረውን መጠሪያ በኩራት አንሥተው ራሳቸውን የጠሩበት ስም ነው። የትግላቸው ታሪክ ሲጻፍ ሰልፉና የሥራ ማቆም አድማው ጎልቶ ይወጣል፤ ይሁን እንጂ የደረሰባቸውን በደል ልክ ለማወቅ የሚሻ ሰው በካሊፎርኒያ የሰላጣ ማሳዎች ይሠራበት የነበረውን መኮትኮቻ ቢመረምር ይበቃዋል። ሠራተኞቹ በስፓኒሽ ኤል ኮርቲቶ፣ ማለትም አጭሩ፣ የሚሉት ይህ መሣሪያ እጀታው ከክንድ ብዙም ስለማይረዝም፣ በሳሊናስ ሸለቆ ችግኝ የሚያሳሳና የሚያርም ሰው ወገቡን አጥፎ ይውል ነበር። የእርሻ ባለቤቶች አጭሩ እጀታ ችግኙን ከጉዳት ይጠብቃል ብለው ይከራከሩ እንጂ፣ ለአለቆች የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነበር፤ ቀና ያለ ሠራተኛ ሥራ ማቆሙ ከሩቅ ይታወቃልና።

ይህ ግፍ ለረጅም ዘመን የቀጠለው ሠራተኛው የሚከራከርበት ሕግ ስላልነበረው ነው። ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው እንዲደራደሩ የፈቀደው የ1935ቱ የፌዴራል ሕግ የእርሻ ሠራተኞችን ከጥበቃው አስወጥቷቸዋል፤ ከ1942 እስከ 1964 በዘለቀው የብራሴሮ ፕሮግራም፣ ማለትም ሜክሲኮያውያንን በጊዜያዊ ውል ለእርሻ በሚያስመጣው የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት፣ የመጡት ደግሞ ቅሬታ ቢያሰሙ ወደ አገራቸው እንባረራለን ብለው ይሰጉ ነበር። በወጣትነቱ በዚሁ መኮትኮቻ የሠራው ሴሳር ቻቬዝ ከዶሎሬስ ዌርታ ጋር በ1962 የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩም በ1965 ላሪ ኢትሊዮንግ የመራቸው ፊሊፒናውያን ሠራተኞች በዴላኖ የወይን እርሻዎች የጀመሩትን አድማ ተቀላቀለ።

መኮትኮቻውን ለማስወገድ ግን የፍርድ ቤት ሙግት አስፈልጓል። በ1972 የካሊፎርኒያ ገጠር የሕግ ድጋፍ ድርጅት ጠበቆች መሣሪያው እንዲታገድ ለክፍለ ግዛቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አመለከቱ፤ ሐኪሞችም በአከርካሪ ላይ የማይሽር ጉዳት እንደሚያደርስ መሰከሩ። መሥሪያ ቤቱ የሥራ ደኅንነት ደንቡ የሚከለክለው ራሱ ብልሽት ያለበትን መሣሪያ ብቻ ነው ሲል ጥያቄውን ውድቅ አደረገ፤ የሰው አካል እየተጎዳ መኮትኮቻው ስላልተሰበረ ብቻ ደኅና ነው ማለት ለሠራተኛው የተሰጠው ዋጋ ምን ያህል ዝቅ ያለ እንደነበር ይመሰክራል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 1975 ይህን ትርጉም ከልክ በላይ ጠባብ ነው ብሎ ሻረው፤ መሣሪያውም በዚያው ዓመት ታገደ። በዚሁ ዓመት ክፍለ ግዛቱ የእርሻ ሠራተኞችን የመደራጀት መብት የሚያስከብር ሕግ አወጣ። ከእገዳው በኋላም ሠራተኞች ጎንበስ ብለው በባዶ እጅ እንዲያርሙ ሲደረጉ ቆይተው፣ ካሊፎርኒያ ይህንንም አሠራር ደንብ አውጥታ የገደበችው በ2004 ነው።