ከእርሳስ ሥዕል እስከ ኮምፒውተር፤ የአንድ ምልክት ጉዞ

እንደሚታወቀው የአንድ ኅብረት ሥራ ዩኒየን ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚወለደው በወረቀት ላይ ነው። ሥዕል የሚችል መምህር ወይም የአንድ አባል ልጅ የቡና ቅርንጫፍ፣ የስንዴ ዛላ ወይም የተጨባበጡ እጆችን በእርሳስ ይነድፋል፤ ጉባኤው ተወያይቶ ያጸድቀዋል፤ ማኅተም ይቀረጽበታል። ችግሩ የሚመጣው ምልክቱ ከማኅተሙ አልፎ በጆንያ፣ በባነርና በመኪና በር ላይ መውጣት ሲጀምር ነው።

ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን የጆንያ ምልክት የሚታተመው ሥዕሉና ፊደሉ በቆርቆሮ ወይም በካርቶን ላይ ተቆርጦ፣ በቀዳዳው ቀለም በብሩሽ እየተቀባ ነበር። ቆርቆሮው ሲያረጅ ሌላ ሰው አሮጌውን እያየ አዲስ ይቆርጣል። ዛላው አንድ ፍሬ ይጎድልበታል፣ ቅጠሉ ይወፍራል። ሦስተኛው ቆርቆሮ ላይ ሲደረስ ምልክቱ ጉባኤው ያጸደቀው መሆኑ ያጠራጥራል። ገዥ ደግሞ ጆንያውን የሚለየው በዚያው ምልክት ነው።

አንዱ የሣለውን ሌላው ሳይለውጠው እንዲደግመው የሚያስችለው ዘዴ የተገኘው ከግብርናም ከማተሚያ ቤትም ርቆ፣ በፈረንሳይ መኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ነው። በዚያም የመኪናው ቅርጽ በእጅ ይሣል ስለነበር ጠመዝማዛውን መስመር እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ ዓይን ይተረጉመው ነበር። ፖል ዴ ካስተልዦ የተባለ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 በሲትሮየን ፋብሪካ ሲሠራ ጠመዝማዛን በጥቂት ነጥቦች የሚወስን ስሌት ቀመረ። ፋብሪካው ግን ሥራውን በምስጢር ያዘው። በ1960ዎቹ የሬኖ ኢንጂነር ፒየር ቤዚዬ ተመሳሳይ ዘዴ በይፋ አቀረበ። በዚህም ምክንያት መስመሩ እስከ ዛሬ የሚጠራው በቤዚዬ ስም ነው። ድካሙ በአንዱ፣ ስሙ በሌላው መሆኑ ለቡና አምራች አርሶ አደር እንግዳ ነገር አይደለም።

የዘዴውን አሠራር እርከን የቀየሰ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። በውሃ ልክና በገመድ ተለክቶ ካስማ ይተከላል፤ ካስማዎቹ በቦታቸው እስካሉ ድረስ መስመሩ በጎርፍ ቢጠፋ እንኳ እንደገና ማውጣት ይቻላል። በኮምፒውተሩም ለአንድ ጠመዝማዛ ሁለት ካስማ ጫፎቹን ይይዛል። ልዩነቱ ሌሎች ሁለት ነጥቦች ከመስመሩ ውጭ ሆነው ወደ ራሳቸው እየሳቡ የሚያጎብጡት መሆኑ ነው። የሚቀመጠው የነጥቦቹ ቁጥር ስለሆነ ሥዕሉ እንደ ጥፍር ቢያንስም እንደ ግድግዳ ቢሰፋም ጠርዙ አይበላሽም። ፎቶግራፍ ግን ከጥቃቅን ካሬዎች የተሠራ በመሆኑ ሲሰፋ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ከደብዳቤ ራስጌ ተወስዶ ባነር ላይ የተለጠፈ ምልክት የሚደበዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ስሌት ወደ ኅትመት ካመጡት መካከል እ.ኤ.አ. በ1982 አዶቢ ኩባንያን የመሠረቱት ጆን ዋርኖክና ቻርለስ ገሽኪ ይገኙበታል። ኩባንያው በ1984 ፖስትስክሪፕት የተባለውን የማተሚያ ቋንቋ፣ በ1987 ደግሞ ኢለስትሬተር የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም አወጣ። የዋርኖክ ባለቤት ራሷ የግራፊክስ ባለሙያ ነበረች። የወረቀቱ ሥዕል በስካነር ገብቶ ከሥር ይደረጋል፤ ባለሙያው በላዩ ነጥብ እየተከለ ይከተለዋል። ዛሬም ሥራው በመሠረቱ ይኸው ነው።

ፕሮግራሙ በራሱ እንዲከተል ማዘዝም ይቻላል። ነገር ግን ማሽኑ ቅጠሉንና የወረቀቱን እድፍ አይለይም፤ አሥር ነጥብ ለሚበቃው ዛላ መቶ ነጥብ ይደረድራል። ስለዚህ በሰው እጅ የተሠራው ይመረጣል። ባለሙያው የእርሳሱን መንቀጥቀጥ ያስተካክል፤ የሣዩን ሐሳብ ግን አይለውጥ። የተጨባበጡት እጆች የገበሬ እጆች ከሆኑ ቀጭን ጣት አያስፈልጋቸውም።

ምልክት የሀብት ጉዳይ መሆኑን አገራችን በሚገባ አይታለች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ አመለከተ። ጉዳዩ ብዙ ካከራከረ በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። በአገር ውስጥም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ወጥቷል። ለምዝገባ የሚቀርበው ምልክት ቁርጥ ያለ ቅርጽ ሊኖረው ስለሚገባ፣ በየጆንያው የሚለዋወጥ ሥዕል ለባለቤቱም ለመዝጋቢውም አያመችም።

አንዳንድ ማኅበራት ገንዘብ ከፍለው ምልክታቸውን በኮምፒውተር ካሠሩ በኋላ የሚረከቡት የታተመውን ወረቀት ብቻ ነው። መረከብ የነበረባቸው ነጥቦቹ ያሉበትን ዋናውን ፋይል ነበር። ፋይሉ ግን በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል። ማተሚያ ቤቱ የተዘጋ ወይም ኮምፒውተሩ የተበላሸ ዕለት ሰብሳቢው አሮጌ ጆንያ ይዞ ሌላ ሣዪ ፍለጋ ይወጣል፤ ሣዪውም ልክ እንደ ቆርቆሮው ዘመን ጆንያውን እያየ ይስላል።