የአሞሌ ላብ

በ19ኛው መቶ ዘመን ሰቆጣ ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። የዋግ ገበሬ እህሉን ሸጦ አሞሌ ይዞ ይገባል፤ አሞሌው ወጥ ማጣፈጫም፣ ገንዘብም ነውና። ለመሆኑ ያንን ገንዘብ ማን ሠራው?

አሞሌ የሚወጣው በአፋር በረሃ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የጨው ሜዳ ነው። አንዱ ጨዉን በእንጨት ይፈነቅላል፤ ሌላው ጠርቦ መልክ ያስይዘዋል። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ነጸብራቅ፤ ጥላ የሚባል የለም። ከዚያ ሲራራ ነጋዴው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ጭኖ ዳገቱን ይያያዘዋል፤ ሰቆጣ ያለችው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ወረራ ስለሚያሰጋም የሚጓዘው በጅምላ፣ ታጥቆ ነበር፤ የእንደርታው የጨው ሹም «ባልገዳ» ይባል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ፣ ጨው ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚንር ጽፏል። ዋጋውን የሚያንረው መንገዱ ነው፤ የነጋዴው እግርና የእንስሳቱ ጀርባ። የቆራጩ ላብ ግን ጨዉ ከሜዳው ሳይወጣ ሒሳቡ ተዘግቷል።

ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. በተጻፈበት ብር ላይ መልካቸውን አስቀረጹ። ከዚያም በኋላ አሞሌ ለብዙ ዓመታት መገበያያ ሆኖ ቆይቷል። በእሱ ላይ ግን የጠራቢው የእጅ ምልክት እንጂ የማንም መልክ አልነበረበትም።