ድብ ያልሆነው ኮዋላና ባለኪስ ዘመዶቹ

ኮዋላን ብዙ ሰው «የኮዋላ ድብ» እያለ ሲጠራው ይሰማል፡፡ ስህተቱ የቆየ ነው፡፡ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሣይንሳዊ ስም ያወጡለት አውሮፓውያን ራሳቸው ከግሪክኛ የወሰዱት ቃል «ባለኪስ ድብ» የሚል ትርጉም አለው፡፡ ክብ ፊቱን፣ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉሩንና ጭራ አልባ ጀርባውን አይተው ፈረዱ፡፡ በዘር ሐረግ ከሄድን ግን ድብ ከኮዋላ ይልቅ ለሰው፣ ለላምና ለዓሣ ነባሪ ይቀርባል፡፡ የኮዋላ የቅርብ ዘመድ ጉድጓድ እየቆፈረ የሚኖረው የአውስትራሊያው ዎምባት ነው፡፡ ሁለቱም ልጆቻቸውን በኪስ ይዘው ከሚያሳድጉት፣ «ማርሱፒያል» ተብለው ከሚታወቁት ባለኪስ አጥቢዎች ይመደባሉ፡፡

እኛ ኢትዮጵያውያን ኮዋላን በአካል ባናየውም ምግቡን ግን አሳምረን እናውቀዋለን፤ ባሕር ዛፍ ነው፡፡ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት እንደታደጋት ይነገራል፡፡ ቅጠሉን ለጉንፋን እንታጠነዋለን፣ እንጀራ እንጋግርበታለን፡፡ ከብቶቻችን ግን አይነኩትም፡፡ አለመንካታቸውም ልክ ነው፡፡ ያ አፍንጫ የሚሰረስረው ሽታ የሚመጣው ከቅጠሉ ዘይት ሲሆን፣ ዘይቱና በውስጡ ያሉት ሌሎች ውሁዶች ለአብዛኞቹ እንስሳት መርዝ ናቸው፡፡ በዚያ ላይ ቅጠሉ ፕሮቲኑ ጥቂት፣ አሰሩ ብዙ ነው፡፡ ኮዋላ የሚኖረው በዚህ ነው፡፡ እኛ ቀይና ነጭ ብለን የምንለያቸውን ሁለቱንም የባሕር ዛፍ ዓይነቶች ይበላል፡፡ የኮዋላ አካል ከጥርሱ እስከ አንጀቱ ለዚህ አንድ ቅጠል የተሰናዳ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፡፡

ከጥርሱ እንጀምር፡፡ የፊት ጥርሶቹ ቅጠሉን ቀጥፈው ሲያቀብሉ፣ ስለታም ጠርዝ ያላቸው መንጋጋዎቹ ደግሞ አድቅቀው ይፈጩታል፡፡ በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋዎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ፡፡ መንጋጋዎቹ በዕድሜ ብዛት ሲያልቁ ግን የሚተካቸው የለም፡፡ ያረጀ ኮዋላ ቅጠል ተርፎት እያለ በረሃብ ሊሞት ይችላል፡፡

የተፈጨው ቅጠል ዋናው ሥራ የሚጠብቀው አንጀት ውስጥ ነው፡፡ በትንሹና በትልቁ አንጀት መገናኛ ላይ እኛም ትንሽ ከረጢት አለችን፤ ትርፍ አንጀት የምንለው የተንጠለጠለው በእርሷ ላይ ነው፡፡ በኮዋላ ይህች ከረጢት 2 ሜትር ያህል ትረዝማለች፡፡ ቁመቱ ከ60 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር በሆነ እንስሳ ሆድ ውስጥ 2 ሜትር ከረጢት ተጠቅልሎ ማለት ነው! በውስጧ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አሰሩን እያብላሉ ከቅጠሉ የሚገኘውን ጥቂት ኃይል ያወጣሉ፡፡ መርዙን የማርከስ ድርሻ በአብዛኛው የጉበት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 የኮዋላ ሙሉ የዘረመል ካርታ ይፋ ሲሆን፣ መርዝ የሚያረክሱ ኢንዛይሞችን የሚያሠሩት ጂኖች ከሌሎች አጥቢዎች በተለየ ሁኔታ ተባዝተው ተገኝተዋል፡፡ መራራ ጣዕም የሚለዩት ጂኖችም እንዲሁ በርካታ ናቸው፡፡ ኮዋላ ከቅጠል ቅጠል እያሸተተና እየቀመሰ የሚያማርጠው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡

ይህ ሁሉ ተለፍቶበት የሚገኘው ኃይል ግን ትንሽ ስለሆነ ቁጠባ ግድ ይላል፡፡ ኮዋላ በቀን እስከ 20 ሰዓት የሚተኛው ለዚህ ነው፡፡ በባሕር ዛፍ ዘይት ሰክሮ ነው የሚባለው ተረት ነው፡፡ አንጎሉም የቁጠባው አካል ይመስላል፤ ከሰውነቱ አንጻር ትንሽ፣ ገጹም እንደ እኛ የተሸበሸበ ሳይሆን ለስላሳ ነው፡፡ ሰነፍና ደደብ እያሉ የሚሳለቁበት ጽሑፎች ያጋጥሙኛል፡፡ ማንም የማይሻማበትን ምግብ ይዞ ዛፍ ላይ ለሚውል ፍጡር ትልቅ አንጎል ምን ሊፈይድለት እንደሚችል ግን አይነግሩንም፡፡

እጁ ሌላው አስገራሚ ነገር ነው፡፡ ከአምስቱ የእጅ ጣቶቹ ሁለቱ እንደ አውራ ጣት ከሦስቱ ትይዩ ስለሚቆሙ ቅርንጫፍ እንደ መቆንጠጫ ይይዛል፡፡ በኋላ እግሩ አውራ ጣት ላይ ጥፍር የለም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት ደግሞ ተጣብቀው ፀጉሩን የሚያበጥርበት ማበጠሪያ ሆነዋል፡፡ ከሁሉም በላይ ኮዋላ የጣት አሻራ አለው፡፡ በአውስትራሊያ የአዴሌድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንዳሳዩት፣ አሻራው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሰው አሻራ ለመለየት ያስቸግራል፡፡ የኮዋላና የሰው የጋራ ቅድመ አያት ይህ ነገር አልነበረውም፡፡ ሁለቱም ዘሮች ለየብቻቸው፣ አጥብቆ የመያዝና የመዳሰስ ተመሳሳይ ፍላጎት አንድ ዓይነት መልስ ላይ አድርሷቸዋል፡፡

መቀመጫው ላይ ያለው ወፍራም ፀጉር ሻካራ ቅርንጫፍ ላይ ለሰዓታት ለመቀመጥ ይረዳዋል፡፡ ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ሆዱን ከግንዱ ጋር አጣብቆ ይተኛል፤ ግንዱ ከአየሩ ይልቅ ቀዝቃዛ በመሆኑ ላብ ሳያወጣ ሰውነቱን ያበርድለታል፡፡ በደቡባዊቷ የቪክቶሪያ ግዛት ያለው ኮዋላ በሰሜን ኩዊንስላንድ ካለው እጥፍ ያህል ይመዝናል፤ ፀጉሩም ረዘም ያለ ነው፡፡ ብርድ ያለበት አገር ትልቅ ሰውነት ይፈልጋልና፡፡ የወንዱ ድምፅ ግን ሰውነቱን አይመስልም፡፡ ከማንቁርቱ ውጪ ባለው ተጨማሪ የድምፅ አውታር የተነሳ፣ ሌሊት ሲያጓራ የሰማ ሰው በሬ የሚያክል አውሬ ይጠብቃል፡፡

አሁን ወደ ኪሱ እንምጣ፡፡ እኛን በመሰሉ አጥቢዎች ፅንሱ በእንግዴ ልጅ አማካይነት ለወራት ከእናቱ እየተመገበ ያድጋል፡፡ በባለኪሶች የእንግዴ ልጁ ቢኖርም ዕድሜው አጭር ነው፤ የማሳደጉ ሥራ ለወተት ተትቷል፡፡ ኮዋላ 35 ቀን ያህል ብቻ አርግዛ የምትወልደው ጫጩት ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከአንድ ግራም በታች ነው፡፡ ዓይኑ አልተከፈተም፣ ጆሮው አልወጣም፣ የኋላ እግሮቹ ገና ቡቃያ ናቸው፡፡ የፊት እጆቹ ግን ጠንካሮች ናቸው፡፡ በእነርሱ እየቧጠጠ፣ ማንም ሳይረዳው በእናቱ ፀጉር ላይ ተጉዞ ኪሷ ውስጥ ይገባል፡፡ እዚያ ሲደርስ የጡቱ ጫፍ አፉ ውስጥ አብጦ ስለሚይዘው አይወድቅም፡፡ እንደ እኔ ከሆነ ከዚህ አካል ሁሉ የሚያስደንቀው እነዚያ ሁለት እጆች ከሌላው ሁሉ ቀድመው መድረሳቸው ነው፡፡

የኮዋላ ኪስ እንደ ካንጋሮ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ያደላ ነው፤ ጠንካራ ጡንቻ አፉን ስለሚዘጋው ልጁ አይወድቅም፡፡ የዎምባት ኪስ ደግሞ ጭራሹን ወደ ኋላ ስለሚከፈት እናቲቱ ስትቆፍር አፈር አይገባበትም፡፡ ካንጋሮ ሁለት የተለያዩ ወተቶችን በአንድ ጊዜ ታመርታለች፤ አንዱን ለጨቅላው፣ ሌላውን ከኪስ ወጥቶ ለሚዘለው፡፡ የታዝማኒያ ሰይጣን የተባለችው ሥጋ በል እንስሳ ከ20 በላይ ትወልድና አራት ጡት ብቻ አላት፤ ቀድሞ የደረሰ ይተርፋል፡፡ ምስጥ በሉ ነምባት ደግሞ ባለኪስ ይባል እንጂ እውነተኛ ኪስ የለውም፡፡

ባለኪሶች የአውስትራሊያ ብቻ አይደሉም፡፡ ሲሶ ያህሉ በአሜሪካ አህጉራት ይኖራሉ፡፡ በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን ማታ ቆሻሻ ለመጣል ሲወጡ፣ ነጭ ፊትና እርቃኑን የሆነ ጭራ ያለው፣ አይጥ መሳይ ግን ድመት የሚያክል ፍጡር አይተው ይሆናል፡፡ ኦፖሰም ይባላል፤ አይጥ ሳይሆን ባለኪስ ነው፡፡ 50 ጥርስ አለው፤ እርግዝናው 13 ቀን ገደማ ነው፡፡ የአውስትራሊያዎቹም ቅድመ አያቶች የመጡት ከደቡብ አሜሪካ፣ ያኔ በረዶ ባልለበሰው አንታርክቲካ በኩል ነው፡፡ አፍሪካ ዛሬ በዱር የሚኖር ባለኪስ የላትም፤ ቅሪተ አካላቸው ግን በግብፅ ፋዩም ተገኝቷል፡፡

ኮዋላ ዛሬ አደጋ ላይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የአውስትራሊያ መንግሥት በኩዊንስላንድ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በዋና ከተማዋ ግዛት ያሉትን ለመጥፋት የተቃረቡ ሲል መዝግቧቸዋል፡፡ የደን ምንጣሮው፣ እ.ኤ.አ. የ2019 እና የ2020 ሰደድ እሳትና መኪና የየድርሻቸውን ወስደዋል፡፡ የክላሚዲያ በሽታ ደግሞ እያሳወረና እያመከነ ይገድላቸዋል፡፡ ሕክምናው አንቲባዮቲክ ነው፡፡ ነገር ግን አንቲባዮቲኩ በዚያች 2 ሜትር ከረጢት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎችም ስለሚፈጅ፣ ከበሽታው የዳነው ኮዋላ ቅጠሉን ማብላላት አቅቶት በረሃብ ሊሞት ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2025 ፈቃድ ያገኘው የክላሚዲያ ክትባት በጉጉት የተጠበቀው ለዚህ ጭምር ነው፡፡

እነዚያ ባክቴሪያዎች ከልደት ጋር አይመጡም፡፡ ጫጩቱ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው እናቲቱ ከዚያችው ከረጢት የሚወጣ ለስላሳ ዓይነ ምድር ታበላዋለች፤ ቅጠል መብላት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ እናታቸው የሞተችባቸውን የሚያሳድጉ ተንከባካቢዎችም ከጤነኛ ኮዋላ የተወሰደ ዓይነ ምድር በጥብጠው ይግቷቸዋል፡፡