ፓራሹት ክንፍ ከሆነ በኋላ፤ በፍጥነት የማረፍ ትምህርት አጭር ታሪክ

ስለ ፓራሹት አደጋ ሲነሣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ጨርቁ ሳይከፈት ቀርቶ ዘላዩ እንደ ድንጋይ መውደቁን ነው። ነገር ግን ከ1990 ወዲህ ያለው የስፖርት ዝላይ ታሪክ ሌላ ነገር ያሳየናል። ይኸውም በደኅና ተከፍቶ፣ ሳይቀደድና ሳይጠላለፍ እስከ መሬት ባደረሳቸው ፓራሹት ሥር የሞቱና የተሰበሩ ዘላዮች ብዙ መሆናቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አደጋ ከየት እንደ መጣና አዲሱ ዘላይ የሚጠበቅበት ትምህርት እንዴት እንደ ተገኘ መመርመር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፈረንሳዊው አንድሬ ዣክ ጋርነራን በ1797 ፓሪስ ላይ ከባሉን በፓራሹት ወረደ። አሜሪካዊው ሌስሊ ኧርቪን ደግሞ በ1919 በኦሃዮ ግዛት ከአውሮፕላን ዘልሎ፣ በአየር ላይ ሳለ ገመዱን በገዛ እጁ ስቦ ፓራሹቱን ከፈተ። በእነዚህ ሰዎችና ከእነሱ በኋላ በተነሡት የአየር ወለድ ወታደሮች ዘመን ፓራሹት ክብ ነበረ። ክብ ፓራሹት አየርን አግዶ ውድቀትን ያዘገያል እንጂ አይበርም። ስለዚህ የማረፍ ትምህርት የአወዳደቅ ትምህርት ነበረ፤ ዘላዩ እግሮቹን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ጥቂት አጥፎ፣ ከእግሩ ወደ ባቱ፣ ወደ ጭኑ፣ ወደ ዳሌውና ወደ ጀርባው ጎን እየተንከባለለ ግጭቱን በአካሉ ላይ ያከፋፍል ነበር።

ይህን የለወጠው ካይትና ባሉን ይሠራ የነበረው ዶሚና ጃልበርት ነው። ጃልበርት በፊት በኩል ክፍት በሆኑ ክፍሎች ነፋስ ገብቶ እየነፋው የክንፍ ቅርጽ የሚይዝ ጨርቅ ፈለሰፈ፤ በ1964 አመልክቶም በ1966 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ይህ ፓራሹት ወደ ፊት ይበራል። ዘላዩ መሬት ሲቃረብ ሁለቱን መሪ ገመዶች እኩል ቢስብ የፊት ፍጥነቱ ወደ ማንሻ ኃይል ይለወጥና ቆሞ ለማረፍ ይችላል። በ1970ዎቹ ዓመታት አዲሱ ፓራሹት በስፖርተኞች ዘንድ ተስፋፋ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አየር የማያሳልፍ ጨርቅ ሲመጣ፣ ፓራሹቱ እያነሰና ጫፎቹ እየሾሉ ሄዱ። ዘላዮችም ከማረፋቸው በፊት በመታጠፍ ወይም የፊቱን ማንገቻዎች በመሳብ ፓራሹቱን ቢያስወረውሩት ብዙ ፍጥነት እንደሚያገኙ፣ በኋላም ቀና ሲያደርጉት መሬትን እየዳሰሱ ረጅም ርቀት እንደሚንሸራተቱ ተረዱ። ይህ «ስዉፕ» የተባለው አስተራረፍ ውሃ በተሞላ ኩሬ ላይ የሚካሄድ ውድድር ሆኖ በ2006 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተደረገበት። በ1991 ደግሞ «ሳይፕረስ» የተባለው መሣሪያ ወጣ፤ ዘላዩ ራሱን ቢስት ወይም ቢዘነጋ መጠባበቂያውን ፓራሹት በራሱ ይከፍታል። እንግዲህ አሮጌው አደጋ ሲቀንስ አዲሱ በቦታው ተተካ ለማለት ይቻላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፓራሹቱ ሲታጠፍ ያዘነብላል፤ የዘላዩ አካልም እንደ ፔንዱለም ወደ ውጭ ይወረወራል፤ የመውረዱም ፍጥነት ይጨምራል። ገመዱ ከተለቀቀ በኋላ እንኳ ውርወራው ወዲያው አይቆምም። በዚህ የሚጎዱት ፍጥነት ፈልገው ከፍታውን ያልገመቱ ብቻ አይደሉም። አጥር ወይም ሌላ ዘላይ ከፊቱ አይቶ፣ መሬት ሊነካ ሲል ድንገት የሚታጠፍ ጀማሪም አለ።

የጨርቁም ስፋት ትልቅ ነገር ነው። ከነዕቃው 180 ፓውንድ የሚመዝን ሰው 180 ካሬ ጫማ በሆነ ፓራሹት ቢወርድ ጭነቱ 1 ይሆናል፤ በ120 ካሬ ጫማ ቢወርድ 1.5 ይሆናል። ጭነቱ እኩል ቢሆንም እንኳ ትንሹ ፓራሹት ገመዶቹ አጫጭር ስለ ሆኑ ፈጥኖ ይታጠፋል። የአየሩ ቅጥነትም ይጨመርበታል፤ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ያው ፓራሹት በባሕር ጠረፍ ካለው ፍጥነት 12 በመቶ ያህል ይበልጣል።

ለዚህ ችግር ሁለት መልስ ተሰጠ። አንደኛው ወሰን ማበጀት ነው። በሰፊው የታወቀው ምክር ከ100 ዝላይ በታች ያለው ሰው ከ1 ጭነት እንዳያልፍ፣ ከዚያም በየ100 ዝላዩ 0.1 እየጨመረ እንዲሄድ ይላል፤ አንዳንድ የአውሮጳ ማኅበራትም ወሰኑን ደንብ አድርገውታል። ሁለተኛው ማስተማር ነው። የአሜሪካ ማኅበር ከ2012 ጀምሮ ቢያንስ 50 ዝላይ የሚጠይቀውን ሁለተኛውን ፈቃድ ለማግኘት የፓራሹት አመራር ትምህርት ግዴታ አድርጓል። በእኔ አስተያየት አንዱ ያለ ሌላው በቂ አይደለም፤ ወሰን ያለ ትምህርት ቁጥር መቍጠር ብቻ ይሆናል፤ ትምህርት ያለ ወሰን ደግሞ ተማሪውን ሳይደርስበት ይቀራል።

የትምህርቱም ቅደም ተከተል ይህ ነው። ተማሪው በትልቅ ፓራሹት፣ ከመሬት ርቆ ሳለ፣ ገመዶቹን ግማሽ ስቦ ሳይወረወር መታጠፍን ይለማመዳል፤ አንድ መታጠፍ ምን ያህል ከፍታ እንደሚያስጠፋው ይለካል። ቀጥሎ በመረጠው ቦታ ደጋግሞ ማረፍን ያረጋግጣል። ከዚያም ሳይታጠፍ በፊት ማንገቻዎች ቀጥ ብሎ ፍጥነት መጨመርን፣ በመጨረሻም ከአስተማሪ ጋር ትንሽ መታጠፍን ይማራል። አዲስ ፓራሹትና አዲስ ስልት በአንድ ጊዜ አይጀመሩም። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ፍጥነቱን ትቶ ፓራሹቱን ቀና ማድረግ አለበት፤ ነፋስን ከኋላ ይዞ ቀጥ ብሎ ማረፍ ዝቅ ብሎ ከመታጠፍ ይሻላልና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ቃል እዚህ ላይ ጌጥ ሳይሆን ሕግ ነው።

በአሜሪካ በ1970ዎቹ በየዓመቱ በአማካይ ከ40 የሚበልጡ ዘላዮች ይሞቱ ነበር፤ በ2023 የሞቱት 10 ናቸው። መሻሻሉ ትልቅ ነው። ሆኖም ፈጣኑ ፓራሹት በተስፋፋበትና ትምህርቱ ግዴታ በሆነበት ጊዜ መካከል ሃያ ዓመት ያህል አልፏል። መሣሪያው ቀድሞ መጣ፣ ትምህርቱ ዘግይቶ ተከተለው፤ በመካከሉ የወደቁት ሰዎች የዚያ መዘግየት ዋጋ ናቸው።