የአያቴ ፊት ለምን ጠቆረ? ስለ ፊልምና ስለ ትንሿ ካሜራ

ቤታችሁ የቆየ አልበም ካለ እስቲ አውጡት። ከመርሳ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ በምታገኟት ሲሪንቃ፣ የእኛ ቤት አልበም ውስጥ አንድ የሰርግ ፎቶ አለ። የአያቴ ነጠላ ያበራል፤ ፊቷ ግን ጥላ ብቻ ነው፣ ዓይኗ እንኳ አይለይም። ያነሳው አጎቴ «ካሜራው አሮጌ ስለነበር ነው» ይላል። ይሁን፤ ግን ነገሩ ከካሜራው ይሰፋል።

እነዚያ ትንንሽ ካሜራዎች ቁልፋቸውን ከመጫን ሌላ ብዙ አይጠይቁም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ኮኒካ ሲ35 ኤኤፍ ማተኮሩን ለራሱ ወሰደ። በ1983 ደግሞ ኮዳክ ዲኤክስ የሚባል ኮድ አመጣ፤ በፊልሙ ቆርቆሮ ላይ ያሉትን ጥቁርና ብርማ ሳጥኖች ካሜራው ራሱ ያነባቸዋል። ለባለቤቱ የቀረችው ትልቋ ውሳኔ ሱቅ ውስጥ የምትወሰነዋ ነች፦ 100፣ 200 ወይስ 400?

ቁጥሩ ፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅሙን ይነግራችኋል። 400 ከ100 አራት እጥፍ ይበልጣል። የፍላሹን ርቀት ግን የሚያረዝመው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳላ! በ100 ፊልም ሦስት ሜትር የሚደርስ ፍላሽ በ400 ስድስት ሜትር ይደርሳል። ማታ ለሚደረግ ድግስ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በምትኩ ፎቶው ላይ ቅንጣቱ ጎላ ይላል።

የእኛ ሰርግ ግን በጠራራ ፀሐይ ነበር። የብርሃን መለኪያ ያለው ካሜራ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ነጭ ልብስ ከሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ ፊት ይጨልማል። 400 ብትከቱም ኮዱን አንብቦ ያንኑ ያህል ይቀንስባችኋል። የሚሻለው ሰው ቢስቅባችሁም በቀን ፍላሽ ማብራት ነው። መለኪያ በሌለው፣ ለ100 በተሠራ ርካሽ ካሜራ ውስጥ ግን 400 መክተት ጥሩ ብልሃት ነው፤ የቀለም ነጋቲቭ ከብርሃን እጥረት ይልቅ ትርፉን ይችላልና።

ፊልሙ ራሱስ? ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳስረዳችው፣ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል ፎቶ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ የእሷ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ልክ ነው ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወላጆች የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ፎቶ እየጠቆረ ተቸግረዋል። ኮዳክን ቡናማን በደንብ ወደሚለይ ፊልም የገፋው ግን የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ነው። ምህንድስና ስለተማርኩ መለኪያ ነገር ይገባኛል ብዬ አስብ ነበር፤ ይህን ሳነብ ግን ደነገጥኩ።

ደግነቱ እናቴ ነጋቲቩን ከነፖስታው አስቀምጣዋለች። ወረቀት ላይ የሚያትመው ማሽንም እንደ ካሜራው አማካይ ስለሚፈልግ፣ ነጭ በበዛበት ፎቶ ፊትን ይብስ ያጠቁራል፤ ነጋቲቩ ላይ ያለው ዝርዝር ግን አይጠፋም። ስካን አድርጌ ፊቷ አካባቢ ብርሃኑን ከፍ ሳደርገው ዓይኗ ወጣ፣ የአንገቷ ንቅሳት ወጣ። አጎቴ ስልኬ ላይ አይቶት፣ «ይሄንንማ እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለ።