የወታደሮቹ ዐረብኛና «ያ» የምትባለው ቃል

መሳለሚያ እህል በረንዳ ሁለት ነጋዴዎች በሂሳብ ሲከራከሩ ያዳመጠ ሰው «እኔ ከፍያለሁ» እና «እኔ ነኝ የከፈልኩት» አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። የመጀመሪያው መክፈሉን ይናገራል። ሁለተኛው ግን ሂሳቡ መከፈሉ የታወቀ ሆኖ ከፋዩን ይለያል። «እኔማ ከፍያለሁ» ያለ እንደሆነ ደግሞ የሌላውን እንጃ፣ የኔን ጠይቁኝ ማለቱ ነው። ውድ አንባቢያን! ይህንኑ የመለየት ጥበብ ብዙዎች «የተሰበረ ዐረብኛ» እያሉ በሚንቁት አንድ ቋንቋ ውስጥ እናገኘዋለን።

የግብፁ ገዥ የሙሐመድ ዐሊ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ ሱዳንን ከያዘ በኋላ ብዙ የደቡብ ሰዎች በባርነት እየተያዙ ወታደር ተደረጉ። ከልዩ ልዩ ጎሳ የመጡ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማይሰማ ስለነበሩ በየጦር ሰፈሩ የሚግባቡት ከአለቆቻቸው በለቀሙት ዐረብኛ ነበር። ልጆቻቸው ይህንኑ አፍ መፍቻቸው አደረጉት። የመህዲ ተከታዮች ተነስተው መንገዱ ሲዘጋ ከኤሚን ፓሻ ጋር የነበሩት ወደ ደቡብ አፈገፈጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዛዊው ሉጋርድ ከአልበርት ሐይቅ አካባቢ ሰብስቦ ለኡጋንዳ ጦሩ መለመላቸው።

የነዚህ ሙስሊሞች ዘሮች ኑቢ ይባላሉ። ኡጋንዳ ውስጥ ቦምቦ፣ ናይሮቢ ውስጥ ኪቤራ ይኖራሉ፤ የኪቤራ ስም ራሱ በቋንቋቸው ጫካ ማለት ነው። በኬንያ ለረጅም ዘመን እንደ እንግዳ እየተቆጠሩ መታወቂያ ለማግኘት ተንገላተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአፍሪካ የሕፃናት መብት ኮሚቴ የዜግነት ጉዳያቸውን አይቶ ለልጆቻቸው ፈረደ። እዚያው ሱዳን የቀረው ወገን የሚናገረው የጁባ ዐረብኛ ሲሆን፣ ዛሬ በጋምቤላ ከደቡብ ሱዳን ስደተኞች አንደበት ይሰማል።

በኑቢ ግሡ እንደ ባለቤቱ አይለዋወጥም። «አና ጃ» መጣሁ፣ «ኢታ ጃ» መጣህ፣ «ኡዎ ጃ» መጣ ነው። ነሕው የተማረ ደረሳ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ኑቢው «አና ያ ጃ» ካለ «እኔ ነኝ የመጣሁት» ማለቱ ነው፤ ትንሿ «ያ» የእኛን «ነኝ የ...ት» ሥራ ብቻዋን ትሠራለች። ስለ አንድ ሰው ወሬ ለመጀመር ሲፈልግ ደግሞ ሰውየውን አስቀድሞ በተውላጠ ስም ይደግመዋል፦ «ራጂል ዴ፣ ኡዎ ጃ»፤ «ሰውየውማ፣ እሱ መጥቷል» እንደማለት።

የቁርኣኑ ዐረብኛ ለዚህ የራሱ መንገድ አለው። በሱረቱል ፋቲሓ አምስተኛው አንቀጽ ተሳቢው ከግሡ ቀድሟል፤ «አንተን ብቻ» የሚለው ትርጉም የሚገኘው ከዚሁ መቅደም እንደሆነ ሙፈሲሮች ያስረዳሉ። በወታደሮቹ ቋንቋ ግን ኢዕራቡ ስለቀረ ባለቤትና ተሳቢ በተራቸው ካልሆነ አይለዩም። እንደኔ ግምት «ያ» ይህን ያህል ሥራ የተሸከመችው ለዚህ ነው።

አመጣጧም ከሱዳኖች «ያሁ» ነው፤ «እነሆ እሱ» እንደማለት ነው። በጁባ ሰዎች አፍ «ያው» ሆኗል። ከእኛው «ያው» ጋር መመሳሰሉ ግን አጋጣሚ ብቻ ነው።