የሕግ ምሩቋ በዋጂር በረሃ

የሕግ ዲግሪ በዋጂር በረሃ ምን ይሠራል? ኢጣሊያዊቷ አናሌና ቶኔሊ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ሲደርሱ ይህን የጠየቃቸው ይኖር ይሆናል። መነኩሲት አልነበሩም፤ ከፎርሊ ከተማ የመጡ ተራ ምእመን ካቶሊክ ነበሩ። ሥራቸውንም በመምህርነት ጀመሩ። ሕክምናውን የተማሩት በኋላ፣ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ሶማሊዎች መካከል ቲቢ ያደረሰውን ጥፋት ካዩ ወዲህ ነው።

የቲቢ መድኃኒት ለወራት ሳይቋረጥ መዋጥ አለበት። ግመል አርቢው ግን ሳሉ ጋብ ሲልለትና ዝናብ መጣሉን ሲሰማ ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ በሽታውም መድኃኒቱን ይለምደዋል። በ1976 በተጀመረው ሙከራ አናሌና ነገሩን ገለበጡት። ቤቱን በግመል ጭኖ የሚዞር ሰው እዚህስ ለምን አይተክለውም? በሽተኞቹ ጎጆአቸውን በግቢው ተክለው ስድስት ወር ያህል ተቀመጡ፤ ክኒናቸውንም ሰው እያየ ዋጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990ዎቹ በየአገሩ ያስፋፋው ዘዴ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ፌብሩዋሪ 1984 ነው። የኬንያ ጦር በዋጂር አቅራቢያ በዋጋላ አውሮፕላን ማረፊያ ሶማሊዎችን ሰብስቦ ፈጀ፤ የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም ያከራክራል። አናሌና ቁስለኛ አነሱ፣ አስከሬን ሰበሰቡ፣ ማስረጃውንም ለውጭ ሰዎች አደረሱ። የሕግ ትምህርታቸው ሥራ ላይ የዋለው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ኬንያም ከዚያ ወዲህ አላስቀመጠቻቸውም።

ወደ ሶማሊያ ተሻገሩ። በመጨረሻም ከእኛ ድንበር ብዙም በማይርቀው ቦረማ የቲቢ ሆስፒታል አቋቋሙ። በጁን 2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት የናንሰንን ሽልማት ሰጣቸው። ኦክቶበር 5 ቀን በዚያው ሆስፒታል በጥይት ተገደሉ፤ ዕድሜያቸው 60 ነበር።